ጣፊያን ከፊሉን ማስቀረት ለምን?

በሐረር ጣፊያው ያበጠ ሕፃን ወደ ሐኪም ሲቀርብ ቀድሞ ከሚጠረጠሩት በሽታዎች አንዱ ወባ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትገኝም ኤረርን የመሳሰሉ ቆላማ አካባቢዎች ቅርቧ ናቸውና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጣፊያን የሚያሳብጥ ሁሉ ተላላፊ በሽታ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን፣ ስፌሮሳይቶሲስ የተባለውን የቀይ ደም ሕዋስ ሕመም ነው።

ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ መሐሉ ሰርጎድ ያለ ዝርግ ቅርጽ ስላለው እንደ ልብ ይተጣጠፋል። በጣፊያ ውስጥም ከራሱ ስፋት እጅግ በጠበቡ ስንጥቆች ሾልኮ ያልፋል። በጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች የሄደ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ትከሻውን ያልሰበሰበ ከግንቡ ይላተማል። አንኪሪንን ወይም ስፔክትሪንን የመሳሰሉ የሕዋሱ ሽፋን ፕሮቲኖች በውርስ ሲጓደሉ ግን ሕዋሱ እንደ ኳስ ይድቦለቦላል፤ መተጣጠፍም ይሳነዋል። ጣፊያም ይዞ ያፈርሰዋል። 120 ቀን ሊቆይ የሚገባው ሕዋስ ያለ ዕድሜው ያልቃል። ደም ማነስ፣ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው የዓይን ቢጫነትና የሐሞት ጠጠር የሚከተሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ጉድለቱ የሕዋሱ ቢሆንም አፍራሹ ጣፊያ ነውና፣ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ጣፊያውን ሙሉ በሙሉ ያወጡት ነበር። ደም ማነሱም ይሻላል። ዋጋው የታወቀው ኋላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣ 5 ሕፃናት በከባድ ኢንፌክሽን መያዛቸውን አስታወቁ። ጣፊያ ለካ ባክቴሪያን፣ በተለይም ኒሞኮከስን፣ ከደም የሚያጠልል ዘብ ኖሯል!

ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1993 ቸርኒያና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ ሌላ መንገድ አቀረቡ። አብዛኛውን፣ ማለትም ከመቶ 80 እስከ 90 የሚሆነውን ቆርጦ ማውጣት፤ ቀሪውን ከነደም ሥሩ መተው። ደም ማነሱ ሙሉ በሙሉ ባይወገድም ይቀንሳል፤ የማጥለል ሥራውም ይቀጥላል።

ይህ ስልት ወባ ላለበት አገር የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል ብለን እናምናለን። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው የኒሞኮከስ ክትባት ለወባ አይበጅም። ጣፊያ የሌለው ሰው ደግሞ መድኃኒት የገደላቸውን የወባ ተሕዋስያን እንኳ ከደሙ ቶሎ አያጸዳም። በሌላ በኩል ቀሪው ክፍል ተመልሶ ያድጋል፤ አንዳንድ ሕሙማን ለሁለተኛ ጊዜ በቀዶ ጥገና ይታከማሉ። ከኢንፌክሽን ምን ያህል እንደሚጠብቅም በትልልቅ ጥናቶች ገና አልተረጋገጠም።