የትኛው 1960? ከኋላ የቆመው ቮልስ ይናገር

በአሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ የሰፈረ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የለውም። የጻፈው ሰው ያውቀዋል፤ ለማን ብሎ ያብራራ? ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ከአልበም ወጥቶ ከልጅ ልጅ እጅ ሲገባ፣ ይባስ ብሎም ባሕር ሲሻገር ነው። «አዲስ አበባ፣ 1960» የሚለው ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ቤተሰቡ የተነሣው በንጉሡ ዘመን ማምሻ ነው። በአውሮፓውያን ከሆነ ግን የእነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረበት ዓመት ይሆናል። ብዙ የፎቶ መግለጫዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከሰዎቹ ጀርባ ቮልስዋገን ከቆመ ግን ነገሩ ይቀላል። ይህን ስል የሚገርመው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ቮልስ ዘመን የማይለውጠው መኪና ተብሎ ነው የሚታወቀውና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በመጨረሻ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሲመረት ጀርባው እንደጎበጠ፣ ሞተሩም ከኋላ እንደሆነ ነበር። ቅርጹ ባይለወጥም መስታወቱ፣ መብራቱና ፓራውልቱ ግን በየጊዜው ተቀያይረዋል። ፋብሪካው የአዲሱን ዓመት ሞዴል የሚጀምረው ሠራተኞቹ ከበጋ ዕረፍት ሲመለሱ፣ በኦገስት ነበር። ስለዚህ «የ1968 ሞዴል» የሚባለው መኪና ከወልፍስቡርጉ ፋብሪካ መውጣት የጀመረው በኦገስት 1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ነሐሴ 1959 መሆኑ ነው።

በቅድሚያ ግን መኪናው በእርግጥ ቮልስ ነው ወይ? በደበዘዘ ፎቶ ፊያት 600ን ቮልስ የሚሉ አሉ። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው። ቮልስ በሁለቱ ፓራፋንጎዎች መካከል፣ ከበሩ ሥር፣ የእግር መርገጫ አለው፤ ፊያት 600 የለውም። ይህ ከተለየ በኋላ ወደ መስታወቱ።

የኋላ መስታወቱ መሀሉ ላይ ተከፍሎ ሁለት ከሆነ መኪናው ከማርች 1953 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። አንድ ሆኖ እንቁላል መሰል ከሆነ ከዚያ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ ይወድቃል። ከኦገስት 1957 ጀምሮ ሰፍቶ አራት ማዕዘን ሆነ። በኦገስት 1964 ደግሞ መስኮቶቹ በሙሉ ተለቅ አሉ፤ የፊት መስታወቱ በትንሹ ጎበጥ አለ፣ በመስኮቶቹ መካከል ያሉት ምሰሶዎችም ቀጠኑ። ይህ የመጨረሻው ለውጥ ለማየት ዓይን ይፈልጋል፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በኦገስት 1967 የመጣው ለውጥ ግን ከመንገድ ማዶም ይታያል። ከዚያ በፊት የፊት መብራቱ የፓራፋንጎውን ጥምዝ ተከትሎ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፓራውልቱም ወፈር ብሎ ከፍ አለ። እንግዲህ «1960» የተባለው ፎቶ ላይ ያለው ቮልስ መብራቱ ቀጥ ያለ ከሆነ የአውሮፓውያኑ 1960 ውድቅ ነው፤ ያ መብራት ገና አልተሠራም። የእኛ 1960 ግን የገባው በሴፕቴምበር 1967 ስለሆነ በትክክል ይገጥማል። ፎቶው የተነሣው አሜሪካ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ገበያ ቀጥ ያለው መብራት አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የተላከው።

መብራቱ ጋደል ያለ ከሆነስ? እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። አሮጌ መኪና በእኛ 1960ም መንገድ ላይ ነበር፤ ዛሬም አለ። መኪና «ከዚህ ወዲህ ነው» ብሎ ይመሰክራል እንጂ «ከዚህ ወዲያ ሊሆን አይችልም» አይልም። ያኔ ሌላ ምስክር መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ከጀርባ የአፍሪካ አዳራሽ ተጠናቅቆ ከታየ፣ እሱ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም.፣ በ1961 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ስለሆነ የአውሮፓውያኑ 1960 አሁንም አይሆንም።

የጋራዥ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሱናል። የቮልስ ፓራፋንጎ በቡሎን የተያዘ ነው፤ ተገጭቶ ከተበላሸ ባትላሜራው ፈትቶ የኋለኛውን ዘመን ፓራፋንጎ፣ ቀጥ ካለው መብራቱ ጋር፣ ሊገጥምለት ይችላል። የመስታወቱ ክፈፍ ግን የአካሉ ላሜራ ነው፤ እሱን የሚቀይር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መኪናው የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ ለማወቅ መስታወቱን ማመን ነው። ፎቶው መቼ እንደተነሣ ለማወቅ ግን የተቀየረውም ዕቃ ይበቃል፤ ከመሠራቱ በፊት ሊገጠም አይችልምና። ሁለቱን ጥያቄዎች መቀላቀል ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው።

በአገራችን ታሪክ ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው ቮልስ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰደበት ነው፤ በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩትን ንጉሠ ነገሥት። በዚያን ቀን ፎቶ ጀርባ የተጻፈውን «መስከረም 1967» አንድ የውጭ አገር ሰው ሴፕቴምበር 1967 ብሎ ቢተረጉመው ታሪኩ ራሱ ያርመዋል፤ ንጉሡ ያኔ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ስም አልባው ቤተሰብ ግን እንዲህ የሚያርምለት ታሪክ የለውም፤ ያለው የጀርባው መኪና ብቻ ነው።

ከዓመቱ ሌላ የፎቶውን አቅጣጫም መኪናው ያጋልጣል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የመንገድ ሥርዓት የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። መስኮቱ የሰፋው ቮልስ ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ ቮልስ በአዲስ አበባ ጎዳና ከሌሎች መኪኖች ጋር ተሰልፎ ግራውን ይዞ ሲሄድ የሚያሳይ ፎቶ ካለ፣ ኔጋቲቩ ተገልብጦ ታትሟል ብሎ መጠርጠር ነው። ከነሐሴ 1959 ወዲህ በተሠሩት ላይ የነዳጅ መሙያው ክዳን ከውጭ፣ በፊተኛው የቀኝ ጎን ነው የሚታየው፤ በፎቶው ላይ በመኪናው ግራ ጎን ከታየ መገልበጡ ተረጋገጠ። ታርጋውንም በመስታወት ማንበብ ነው።