የደመወዝ መዝገቡና ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር

ነጋዴ በዓመት መዝጊያ መጋዘኑን ሲቆጥር የሚይዘው በደረሰኝ የሰፈረውን ሳይሆን በመደርደሪያው ላይ ያገኘውን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የሰው ኃይላቸውን ሲያስታውቁ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት የደመወዝ መዝገቡን ነው።

ጉዳዩ የገበያውን ሰው መንካት ጀምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መነሻነት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዱቤ ዕቃ የሚያቀርብለት ወይም የሚያበድረው ወገን፣ ተቋሙ ከአሥር ዓመት በኋላ በማን ጉልበት እንደሚሠራ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የተለመደው መለኪያ የፍልሰት መጠን ነው። 40 መምህራን ካሉት የትምህርት ክፍል በዓመት 6 ቢለቁ ፍልሰቱ 15 በመቶ ይሆናል። አኃዙ ግን ማን እንደለቀቀ አይናገርም። የለቀቁት ረዳት ምሩቃን ከሆኑ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ይተካሉ። ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው ከሆኑ ግን ተተኪ ማፍራት ለሁለተኛ ዲግሪ 2፣ ለሦስተኛው በጥቂቱ 4 ዓመት ይጠይቃል። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሰናበቱ የወጣው የስንብት ደብዳቤ ነበር፤ የጎደለው ግን የዓመታት ልምድ ነው። ስለዚህ ፍልሰት በማዕረግ ተለይቶ፣ በ60 ዓመት ጡረታ የሚወጡትም አብረው ተቆጥረው መቅረብ አለባቸው።

ታይምስ ሃየር ኤጁኬሽን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች መሠረት ዩኒቨርሲቲዎችን ያወዳድራል። ስለ ሥራ በሚመለከተው ግብ ከሚጠይቃቸው አንዱ ከ24 ወራት በላይ የቅጥር ውል ያላቸው ሠራተኞች ድርሻ ነው። መለኪያው በጊዜያዊ ውል ለሚቸገሩት የአውሮፓ ተመራማሪዎች ይስማማ ይሆናል። ችግሩ የውል ማጠር ሳይሆን የደመወዝ ማነስ በሆነበት አገር ግን ጥሩ ነጥብ ያሰጥና ዋናውን ሕመም ይሸፍናል። ቋሚ ቅጥር ያለው መምህር ከሰዓት በኋላ በሁለትና ሦስት የግል ኮሌጆች ሲያስተምር የሚውል ከሆነ፣ በወረቀት ሙሉ ሰው በተግባር ግማሽ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ለትምህርት ውጭ የሄደው ነው። ሲሄድ ዋስ ጠርቶ ውል ይፈርማል። ካልተመለሰ ዋሱ ገንዘቡን ይከፍል ይሆናል፤ ትምህርቱን የሚሰጥ ሰው ግን ከዋሱ አይገኝም። አበዳሪ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ሰነድ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንቱ ሄዶ ስንቱ እንደተመለሰ የሚያሳየው ነው።