እንግሊዞች የረሱት ኮሶ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የለንደን መድኃኒት ቤቶች ለትል መድኃኒት የሚሆን ቀላ ያለ ደረቅ አበባ ይሸጡ ነበር። ስሙን አንዱ በ‹ሲ›፣ ሌላው በ‹ኬ› ፊደል ይጀምረዋል። አነባበቡ ግን ያው ነው፤ ኩሶ። እ.ኤ.አ. በ1864 የመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒቶች መጽሐፍ ሲታተም ቃሉም እንደ አገሬው ቃል ተቆጥሮ ገባበት። ዛሬ ያንን ቃል የሚያውቅ እንግሊዛዊ ማግኘት ይከብዳል። ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን እስካሁን አለ፤ ፈልጎ የሚገልጠው ጠፋ እንጂ።

ይህ ቃል እዚያ እንዴት ደረሰ? ፍለጋው ወደ ጎንደር ይወስደናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ አወጣው። ሰዎች ደረቅ አበባውን በእፍኝ ለክተው በጠላ ሲዘፈዝፉት፣ አሳድረው በጠዋት ሲጠጡት አይቷል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ለወዳጆቹ እንደማይታይ፣ እስኪመሽ ድረስ ቤቱ እንደሚቆይም ጽፏል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለስ እንደነበር አያቶቻችን ያውቁታል።

ብሩስ ዛፉን በእጽዋት ተመራማሪው በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎ ሰየመው። ስሙ ግን አልጸናም፤ የታላቁ ሊኔየስ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1782 ለአውስትራሊያ ቁጥቋጦዎች ሰጥቶት ኖሯል። በ1791 ጀርመናዊው ግመሊን ሀጌኒያ አለው፤ በኮኒግስበርግ ይኖር ለነበረው የመድኃኒት አዋቂ ለካርል ሀገን መታሰቢያ። ጉዳዩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር።

አላለቀም። በ1820ዎቹ ኢስታንቡል ይሠራ የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከኢትዮጵያ የመጣ የትል መድኃኒት አገኘ፤ የአበባውን ስብርባሪም ወደ ፓሪስ ይዞ ሄደ። እዚያ የነበረው ተመራማሪ ኩንት ከዚያች ቁራጭ ተነሥቶ አዲስ ዕፅ ያገኘ መሰለውና በሐኪሙ ስም ብራየራ ብሎ መዘገበው። የእንግሊዝ መድኃኒት ቀማሚዎችም ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት በዚህ ስም ነው። ዛፉ አንድ ሆኖ ሳለ በአውሮፓ መጻሕፍት ሦስት ሆኖ ኖረ። እኔን የሚገርመኝ ሦስቱም ስም አውጪዎች ለሰው መታሰቢያ ማድረጋቸው አይደለም፤ ያ የሙያው ልማድ ነው። የሚገርመኝ ከሦስቱም የላቲን ስሞች ጎን አገሬው የሚጠራበት ስም ሳይለወጥ መዝለቁ ነው። በመጨረሻም ሦስቱ አንድ መሆናቸው ሲታወቅ ሀጌኒያ ጸና።

የለንደኑ አሠራር ከጎንደሩ ብዙም አይርቅም። ወደ 14 ግራም የሚሆን የተወቀጠ አበባ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ከዚያ ሳይጠለል ከነአተላው ይጠጣል። አለመጠለሉ ከኛው ቤት የተቀዳ ይመስላል። ነገር ግን አበባው ባሕር ተሻግሮ፣ መጋዘን ከርሞ ሲደርስ ኃይሉ ይደክማል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ አደጋ አለው፤ ዓይን እስከማሳወር እንደሚደርስ በሕክምና ተመዝግቧል። ስለዚህ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ኩሶ ከመደርደሪያው ወረደ፤ ቃሉም አብሮት ወረደ። ኬሚስቶች ከአበባው ያወጧቸው ኮሲንና ኮሶቶክሲን ብቻ ስሙን ይዘው ቀሩ።

ባሌ ላይ ግን ዛፉ በቁሙ አለ። ብሩስ ባሌ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ለሥዕሉ ዛፍ አያጣም ነበር። ከሮቤ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዲንሾ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዙሪያ፣ የደጋ አጋዘን የሚጠለልበት የጥድና የኮሶ ጫካ አለ። ከጎባ በሳነቴ በኩል ተሻግረው ወደ ሀረና ለሚወርዱም ከአስታው ቁጥቋጦ በታች፣ በሪራ አካባቢ፣ ያው ኮሶ ይቀበላቸዋል። በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። ግንዱ ወፍራም ነው፤ ልጡ ቀላ ብሎ በቀጫጭኑ ይላጣል። በአበባው ወቅት ጠጋ ብለው ቢመለከቱ አንዱ ዛፍ ቀይ ዘለላ፣ ጎረቤቱ ነጣ ያለ ዘለላ አንጠልጥሎ ያገኙታል። ሁለት ዓይነት ዛፍ እንዳይመስልዎ። ቀዩ ሴቴው፣ ነጣ ያለው ወንዴው ነው። የለንደን ነጋዴዎች «ቀይ ኩሶ» እያሉ የሚመርጡት የሴቴውን አበባ ነበር።

አማርኛችንም ከመድኃኒቱ ብዙ ወስዷል። መራራ ነገር ስንቀምስ «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። ትሉን ራሱን እንኳ የምንጠራው በማስወጫው ስም ነው፤ የኮሶ ትል። መድኃኒቱ ከብዙዎቻችን ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ ደግሞም በቤት ለክቶ መጠጣቱ አይመከርም፣ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ይበልጣል። ቃሉ ግን ገና በአፋችን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የቃሉ ዕድሜ ሳይሆን የዛፉ ነው። ኮሶ ቀይ፣ ያማረ እንጨት አለው፤ ለአልጋና ለቁም ሳጥን ሲባል በየደጋው ተጨፍጭፏል። ዛፉ ከሌለማ መዝገበ ቃላት የሚያስቀርልን ድምፁን ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ጓሮ ያላችሁ፣ የትምህርት ቤትና የቤተ እምነት ግቢ የምትጠብቁ፣ ችግኝ ስታወጡ ኮሶን አትርሱት። ስትተክሉም አንድ ብቻ አትትከሉ፤ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ስለሆነ፣ ዘር የሚገኘው ሁለቱ ሲጎራበቱ ነው። ችግኙ አበባ እስኪያወጣ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይለይምና አምስት ስድስት አድርጋችሁ ትከሉ።