ስለ ገንዘቡ አልነገርናትም ነበር

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ላላችሁ፣ በተለይ እንደኛ እዚህ ሜሪላንድ ለምትኖሩ ወላጆች ነው የምጽፈው።

አምና ኦክቶበር ላይ ልጄ እንቅልፍ አጣች። ሆዴን እያለች ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። እኛ ያስጨነቃት የመሰለን ኮመን አፕ በሚባለው የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ የሚላከው ያ 650 ቃል የማያልፍ ኤሴይ ነው። "አይዞሽ፣ ጎበዝ ነሽ፣ የትም ትገቢያለሽ" እንላታለን። አንድ ሌሊት ከሺፍት ስገባ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አገኘኋት። ላፕቶፑ ላይ የተከፈተው የአንድ ኮሌጅ የክፍያ ገጽ ነው። ፍሪጁ ላይ የምለጥፈውን የሥራ ፕሮግራሜን አውርዳ፣ ደብል የምሠራባቸውን ቀናት በእርሳስ ከብባ፣ በሰዓት ክፍያዬ አባዝታ ደምራዋለች።

"እማዬ፣ አይበቃም እኮ" አለችኝ።

ልጅ አይጨነቅ ብለን ስለ ገንዘብ ፊቷ አናነሳም። "የትም ትገቢያለሽ" ባልናት ቁጥር ግን እሷ የሚታያት የእኔ ደብል ነበር።

በማግስቱ ከአባቷ ጋር ሦስታችን ታክሳችንን ዘርግተን ተቀመጥን። የፌደራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የቤተሰብ ገቢ ሲገባለት ግምቱን የሚያወጣ ካልኩሌተር አላቸው፤ ከ2011 ወዲህ በሕግ ግዴታ ነው። ውድ ነው ብላ የሰረዘችው የግል ኮሌጅ ለኛ ገቢ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ረክሶ ተገኘ! ከዚያ "በዓመት ከዚህ በላይ አንችልም" ብለን ቁጥሩን በወረቀት ጻፍንላት። አለቀሰች። ያን ሌሊት ግን ተኛች።

ፋፍሳን፣ ማለትም የፌደራል እርዳታ ማመልከቻውን፣ አታዘግዩ። ወላጅም የራሱን አካውንት ከፍቶ የታክስ መረጃው እንዲታይ መፍቀድ አለበት፤ አንዳንዱ እርዳታ ደግሞ ቀድሞ ላመለከተ ነው። ቀድሞ ከሚመለከትባቸው መንገዶች ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለውን እኛ ተውነው፤ ከተቀበሉ መግባት ግዴታ ስለሆነ የሌሎቹን የእርዳታ ደብዳቤ አይቶ ማወዳደር አይቻልም። ኧርሊ አክሽን ግን አያስርም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን በእሱ፣ ኖቬምበር 1 ሳይደርስ ላከች።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሆነውን ሞንጎመሪ ኮሌጅንም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባን። ይህን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ። ለካ አንድ ቀን ቡና ላይ "የእከሌ ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ አሉ" ስል ሰምታኛለች። ያ ቃሌ ስንት ወር ሆዷ ውስጥ እንደቆየ እኔ አላውቅም። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቤተሰብን ከስንት ሺህ ዶላር ሎን የሚያድን መንገድ ነው፤ ልጆቻችን ፊት እንደ ውድቀት አናውራው።

ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ኮሌጅ መርጣ እስከምታሳውቅበት እስከ ሜይ 1 ፍሪጁ ላይ ከፕሮግራሜ ጎን ተለጥፎ ከረመ። የእርዳታ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ራሷ ከወረቀቱ ጋር ታስተያየውና ሥራ ቦታ ትደውልልኛለች።