የኅሊና ድፍረት በፊልም



በሰበታ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞችን አላወግዝም ብለው የተረሸኑትን የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ሳስተምር፥ ልጆቹ «ይህ የሰማዕታት ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ይላሉ። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ድፍረት አሳየኋቸው። ከሱሉልታ ወዲያ ያሉትን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. ላስፈጀው ለግራዚያኒ፥ አፊሌ በምትባል የኢጣሊያ ቀበሌ በ2004 ዓ.ም. መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ቫሌሪዮ ቺሪያቺ የተባለው ኢጣሊያዊ ይህንኑ ተከታትሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዘጋቢ ፊልም አወጣበት።

አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «የገዛ አገሩን አዋረደ፤ ይህ ክሕደት ነው» አለ። ደወል እስኪደወል ተከራከሩ። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከጥይት ፊት የሚቆም ብርቅ ነው፤ የወገንን ጥፋት መናገር ግን ለማንም፥ በየመሥሪያ ቤቱ ላለውም ሠራተኛ ጭምር፥ በየጊዜው የሚገጥም ነው።

ፊልሙ በአማርኛና በኦሮምኛ ተተርጉሞ ለቡራዩና ለሱሉልታ ትምህርት ቤቶችም ይዳረስ ዘንድ የሚመለከታቸውን በትሕትና እጠይቃለሁ።