የሰበካው ጀልባ፦ የቀዛፊዎች ማኅበር ምንነት፣ ጥቅምና አደረጃጀት



ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኙ አብዛኞቹ አጥቢያዎች ምእመናን በእግር፣ በጋሪ ወይም በባጃጅ የሚደርሱባቸው ናቸው። በደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ግን በጀልባ ወይም በታንኳ ካልሆነ በቀር አይደረስባቸውም። ለቅዳሴ የሚሄድ ካህን፣ ለክርስትና የሚወሰድ ሕፃን፣ ለበዓል የሚሻገር ተሳላሚ ሁሉ ደኅንነቱ በቀዛፊው እጅ ነው። ይሁን እንጂ የአጥቢያ ኮሚቴ የልማት ዕቅድ ሲያዘጋጅ ስለ ጣሪያው፣ ስለ አጥሩና ስለ ወፍጮ ቤቱ በስፋት ይወያያል፤ የጀልባው ነገር ሲነሣ ግን የባለጀልባው ጉዳይ ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ጀልባና ቀዘፋ የአንድ ግለሰብ ንግድ ብቻ ሳይሆኑ የማኅበረ ምእመናን የጋራ ኃላፊነት መሆን እንደሚገባቸውና ይህንንም ለመፈጸም የቀዛፊዎች ማኅበር ምን ያህል እንደሚረዳ ነው።

ሐይቁና ደሴቶቹ

ደንበል ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱም 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈሳል። ከአምስቱ ደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ ትርጉሙ በአፋን ኦሮሞ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም በዚህ ደሴት ላይ ትገኛለች። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው በዚህ ስፍራ አቆይተዋታል። በደሴቶቹ ላይ የኖረው የዛይ ሕዝብ የራሱን ሴማዊ ቋንቋ ይዞ፣ የተራራውን ጎን በእርከን እያረሰ፣ እየሸመነና ዓሣ እያጠመደ፣ ሃይማኖቱንና የብራና መጻሕፍቱን ጠብቆ ለዘመናት ቆይቷል። ባለፈው መቶ ዓመት ብዙዎቹ ዛዮች ወደ ሐይቁ ዳርቻ መንደሮችና ከተሞች ስለ ወጡ፣ ዛሬ የዘመድ ቤት በአንድ ወገን፣ የአባቶች መቃብር በሌላ ወገን ሆኗል። ሁለቱን የሚያገናኘው ጀልባ ነው።

ጉዳዩ የደንበል ብቻ አይደለም። በአዳማ አቅራቢያ ያለው የቆቃ ሐይቅ በ1952 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዋሽ ግድብ ምክንያት የተፈጠረ ሲሆን፣ «ገሊላ» ተብሎም ይጠራል። ናዝሬት የተባለች ከተማና ገሊላ የተባለ ሐይቅ ጎን ለጎን ባሉበት ሀገር፣ የሐዋርያት የመጀመሪያ ሥራ ዓሣ ማጥመድና መቅዘፍ እንደ ነበር ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የሐዋርያው መርከብ ምን ያስተምረናል?

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን በኖኅ መርከብ ይመስሏታል። በባቱ ከተማ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ለካህናት ማሠልጠኛነት ያገለገሉበት የቅዱስ ገብርኤል ገዳምም ሐመረ ብርሃን፣ ማለትም የብርሃን መርከብ፣ ተብሎ ይጠራል። ምሳሌው ለስብከት የተመቸ ነው። ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ ስለ መርከብ የሚናገረው በምሳሌ ብቻ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ወንጌላዊው ሉቃስ የቅዱስ ጳውሎስን ጉዞ የጻፈው ባሕሩን በሚያውቅ ሰው ዓይን ነው። ይህን ምዕራፍ ስለ ጀልባ ደኅንነት በማሰብ ብናነበው አራት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ጳውሎስ ጊዜው ለጉዞ እንደማይመች አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። ትርፍና ችኮላ ምክርን አሸነፉ። ሁለተኛ፣ መርከበኞቹ በትንሿ ጀልባ ለማምለጥ ሲሞክሩ ጳውሎስ እነርሱ ከመርከቡ ከወጡ ሌላው እንደማይድን ለወታደሮቹ ተናገረ። የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ጋር መቆየት አለበት። ሦስተኛ፣ ሉቃስ በመርከቡ ላይ የነበሩት 276 ነፍስ እንደ ነበሩ ጽፎልናል፤ ቍጥሩ ስለ ታወቀ ሁሉም መትረፋቸው ሊታወቅ ቻለ። አራተኛ፣ መርከቡ በተሰበረ ጊዜ ዋና የሚችሉት አስቀድመው እንዲዘሉ ታዘዙ፤ የቀሩት በሳንቃና በስብርባሪ ላይ ሆነው ወደ ምድር ወጡ።

የአየር ሁኔታን ማክበር፣ የሠለጠነ ቀዛፊ፣ የተሳፋሪ ቍጥር፣ ዋናና ተንሳፋፊ መሣሪያ፦ ዛሬ የጀልባ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር ለጳውሎስ ሁሉም እንደሚድኑ ቃል ገብቶለት ነበር፤ ጳውሎስ ግን ተስፋውን ይዞ ጥንቃቄውን አልተወም። «ለተሳላሚ ታቦቷ ታውቅለታለች» እያልን ጀልባውን ከልክ በላይ የምንጭን ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

ጥልቅ ያልሆነ ሐይቅ ለምን ያሰጋል?

የደንበል አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ስጋቱ ይቀልለታል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ዋና ለማይችል ሰው ከቁመቱ ያለፈ ውኃ ሁሉ እኩል ነው። ከዚህም በላይ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነሣበት አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል በፍጥነት ይፈጠርበታል። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከቀትር በኋላ ጀልባውን ከጎን ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ማለዳ ሄዶ ነፋስ ሳይነሣ መመለስ፣ ወይም በደሴቱ ማደር፣ የአባቶች የቆየ ጥበብ ነው።

ጀልባ የሚገለበጥበት ምክንያት በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ነው፤ ጀልባው በተጫነ ቍጥር ጠርዙ ወደ ውኃው ስለሚቀርብ ትንሽ ማዕበል እንኳ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ቆሞ መሄድ ነው፤ ከበሮ ይዞ ቆሞ የሚዘምር ወጣት የጀልባውን ሚዛን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለ ሚዛን ደግሞ በቀላሉ ያዘነብላል። ሦስተኛው ሲደርሱ መሽቀዳደም ነው፤ ሰው ሁሉ ለመውረድ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ጀልባው ከዳር ደርሶ ይገለበጣል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸው አልፏል፤ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት የሚኖሩ ናቸው። ይህ በገንዘብ ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከላይ የዘረዘርናቸውን ሦስቱን ስሕተቶች ለማረም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅምና።

የሰሜን አውሮፓ አጥቢያዎች ተሞክሮ

በስዊድን ዳላርና በተባለው አውራጃ በሲልያን ሐይቅ ዙሪያ፣ እንዲሁም በፊንላንድ ሐይቆች አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ለብዙ ዘመናት ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚሄዱት እየቀዘፉ ነበር። ረጅሙ ጀልባ «የቤተ ክርስቲያን ጀልባ» ይባል ነበር። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያሠራው ስለማይችል የአንድ መንደር ሰዎች ድርሻ ገብተው በጋራ ያሠሩታል፤ በጋራ ይጠግኑታል፤ እሑድ እሑድም ወንዱም ሴቱም ተራ ይዞ ይቀዝፋል። መንገድና መኪና ሲመጣ ጀልባዎቹ ለጉዞ አላስፈለጉም፤ ማኅበሮቹ ግን አልፈረሱም። በሲልያን ሐይቅ ዛሬም በየበጋው መንደሮች በእነዚሁ ጀልባዎች ይወዳደራሉ። በፊንላንድ ሱልካቫ በምትባለው ስፍራ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ትልቅ የቀዘፋ ውድድርም 14 ቀዛፊዎችና ከኋላ ተቀምጦ አቅጣጫ የሚይዝ አንድ መሪ ያሉባቸውን የቤተ ክርስቲያን ጀልባዎች ያሳትፋል።

በሌላው ዓለም የማኅበረሰብ የቀዘፋ ክበብ የሚባለውም በዚሁ መንፈስ የሚሠራ ነው። አባላቱ ለየብቻ ሊገዙት የማይችሉትን ጀልባ በጋራ ይይዛሉ፤ አዲስ አባል አስቀድሞ ዋና እንዲችል ይጠየቃል፤ የጀልባ ቤቱን የሚያጸዱበት የሥራ ቀን አላቸው፤ ከልምምድ በኋላም አብረው ማዕድ ይቆርሳሉ። ክበቡን ጸንቶ እንዲኖር የሚያደርገው ከውድድሩ ይልቅ ይህ አብሮነት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጽዋ ማኅበር፣ ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ የሚጎድለው ሥርዓቱን ወደ ጀልባው ማውረድ ብቻ ነው።

ማኅበሩ እንዴት ይደራጃል?

ሐይቅ ዳር ያለ ወይም ተሳላሚ የሚያሻግር አጥቢያ የሚከተሉትን ቢፈጽም ብዙ ይጠቅማል።

1. በሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል ሥር ቀዛፊዎች፣ ባለጀልባዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚገናኙበት አንድ ኮሚቴ ይቋቋም። በጎረቤትነት የሚኖሩ የሌላ እምነት ተከታይ ቀዛፊዎችም በጥሪው ይካተቱ፤ ሐይቁ የጋራ ነው፤ አደጋም እምነት አይለይም።

2. ለእያንዳንዱ ጀልባ የሰው ልክ ይወሰን፤ ልኩም በጎኑ ላይ በቀለም ይጻፍ። በበዓል ቀን ይህን የሚቆጣጠር ከባለጀልባው የተለየ ሰው በወደቡ ይቁም። ልኩን የማስከበር ሥልጣን በቲኬት ገንዘብ ተጠቃሚ ለሆነ ሰው አይሰጥ።

3. የተሳፋሪዎች ስምና ቍጥር ሲሄዱም ሲመለሱም በመዝገብ ይያዝ።

4. የሕይወት አድን ጃኬት (ላይፍ ጃኬት) ለሕፃናትና ለአረጋውያን በቅድሚያ ይገዛ። ገንዘቡ እስኪሟላ ድረስ ተዘግተው በገመድ የታሰሩ ባዶ ጀሪካኖች በጀልባው ውስጥ ይኑሩ፤ ጃኬትን አይተኩም፣ ከባዶ እጅ ግን ይሻላሉ።

5. ሞተር ያለው ጀልባም ቢያንስ ሁለት መቅዘፊያና ሊቀዝፉ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ሳይዝ አይነሣ። በሐይቅ መካከል ሞተር ሲጠፋ የሚያድነው ክንድ ነው።

6. ቀዛፊው «ዛሬ አንሄድም» ካለ ካህኑም ሆነ የኮሚቴው ሰብሳቢ አያስገድዱት። ይህ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ሕጋዊ አቋምን በሚመለከት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ የመረዳጃ ማኅበር ሆኖ መጀመር ይቻላል። በክፍያ ሰው ማጓጓዝ ሲጀመር ግን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ መደራጀትን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር መመካከር ይገባል፤ የጀልባ ፈቃድና ምርመራንም በሚመለከተው የመንግሥት አካል ማስፈጸም ያስፈልጋል።

ከቀዘፋ በኋላ ያለው ሕይወት

ማኅበር በደንብ ብቻ አይኖርም። ወርኃዊ የጽዋ ቀን ያለው የቀዛፊዎች ማኅበር ሒሳቡን በዚያው ቀን ያሰማል፤ የተሰነጠቀው ጀልባ፣ የታመመው አባል፣ የተጣሉት ሁለት ባለጀልባዎች ነገር በዚያው ይነሣል። ከየጉዞው የሚቀነስ ጥቂት ገንዘብ ለጥገናና ለዕድር ይውላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በዕረፍት ጊዜያቸው ዋናና ቀዘፋ ቢማሩ፣ ሴቶች ልጆችም በእኩልነት ቢሳተፉ፣ በበዓላት ሰሞን የሚያስተናብር የሠለጠነ ኃይል አጥቢያው ያገኛል። እምቦጭ አረም በቆቃና በአዋሽ ከታየ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መቅዘፊያ የሚያስር፣ ወደብ የሚዘጋ አረም ስለሆነ የነቀላ ዘመቻ ከማኅበሩ ሥራዎች አንዱ ሊሆን ይገባል። በደንበል ዳርቻ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ የሚቆም ዓሣ አጥማጅና ቀዛፊ ለቢልሃርዚያ ስለሚጋለጥ፣ ማኅበሩ አባላቱን በየጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ ለምርመራ ቢልክ መልካም ነው።

ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም በዓል፣ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጥምቀት ናቸው። በእነዚህ ቀናት በወደቡ የሚገኘው ሕዝብ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጣል። የጀልባ ልክ ለመወሰን፣ መዝገብ ለማዘጋጀትና ወጣቶችን ለማሠልጠን ከበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ከጥቂት ወራት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ስብሰባቸው የጀልባውን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዙ፣ ካህናት አባቶችም በዐውደ ምሕረት ተሳላሚውን ተቀምጦ እንዲሻገር፣ ተራ እንዲጠብቅና የቀዛፊውን ቃል እንዲሰማ እንዲያስተምሩ በአክብሮት እናሳስባለን።