ብሩ ጨመረ፤ ግድግዳውስ?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ለልምምድ ከተሰጠን አሃዝ ተነስቼ «የኮንስትራክሽን ምርት በ50 በመቶ አደገ» የሚል ዜና ጽፌ ነበር። መምህራችን ከርእሱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ያደገው ብሩ ነው ወይስ ቤቱ?» ብለው መለሱልኝ። እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ለእረፍት ቤት ስሄድ ነው። አባዬ ሁለት ክፍል ቤት እያሠራ ነው። አምና 200 ሺህ ብር፣ ዘንድሮ 300 ሺህ ብር አወጣ። በእኔ ዜና ስሌት ሥራው በ50 በመቶ አድጓል ማለት ነው። ግድግዳውን ስናየው ግን የዘንድሮው ከአምናው ያንሳል! እንዴት ቢባል፣ ሲሚንቶውም ፌሮውም የግንበኛው የቀን ሒሳብም ጨምሯል። አምና በ100 ብር ይሠራ የነበረው ዘንድሮ 160 ብር ፈጀ እንበል። 300 ሺህን ለ1.6 ስናካፍል በአምና ዋጋ 187 ሺህ 500 ብር ይመጣል። ስለዚህ ሥራው ከ6 በመቶ በላይ ቀንሷል። «በቋሚ ዋጋ» የሚባለው ይኸው ነው። የሀገራችን ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት በ2008 ዓ.ም ዋጋ ሲሰላ የቆየውም ለዚሁ ነው።

ችግሩ ያንን 160 ማግኘቱ ላይ ነው። ስኳር ቢሆን የኪሎውን ዋጋ ዘንድሮም አምናም መጠየቅ ይቻላል። ሕንፃ ግን አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የአራት ፎቅ ዋጋ ከድልድይ ዋጋ ጋር ምን ያገናኘዋል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚለካው የግብአቱ ዋጋ ነው። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አማካይ አይወሰድም፤ ብዙ ወጪ የሚበላው ዕቃ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ሲዳከም፣ ከውጭ የሚገባው ብረትና ከአገር ውስጥ የሚዛቀው አሸዋ እኩል ይነካሉ ማለት አይቻልም።

የግብአት ዋጋ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ሥራ ተቋራጩ ገበያው ሲሞቅለት ትርፉን ቢያበዛ ይህ መለኪያ አያየውም። ትርፉ እንደ ተጨማሪ ግንባታ ይቆጠራል! በተቃራኒው በኮንክሪት ማደባለቂያ ማሽን ሰው ቀንሶ ያንኑ ሥራ ጨርሶ በርካሽ ቢያስረክብ፣ መለኪያው የዕቃና የጉልበት ዋጋ መጨመሩን ብቻ አይቶ ምርቱን ያሳንሰዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አገሮች የጨረታ ዋጋን ወይም እንደ ሞዴል የተመረጠ አንድ ሕንፃ በየዓመቱ ስንት እንደሚያወጣ ይጠቀማሉ።

ዜናዬን «በወቅቱ ዋጋ» የሚል ጨምሬ፣ የዋጋ ለውጡ ሲቀነስ የቀረውንም አስገብቼ መልሼ ሰጠሁ። መምህሩ አሁንም ቀይ እስክሪብቶ አንስተዋል፤ ርእሱ ረዝሟል ብለው።